ሊቀመንበራችንን የመረጥነው እኛ ነን

ለከተማችን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤትዎ ገብተዋል፤ የገቢ ቁጥራቸው እጄ ላይ አለ። መልስ ግን አላገኘሁም። በአካል ስመጣም «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፊልድ ወጥተዋል»፣ «ሰኞ ይመለሱ» ተብያለሁ። ስንት ሰኞ አለፈ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ እንዲያነበው እጽፋለሁ።

ጉዳዩን ያውቁታል። ክለባችን የአባላት ነው። ሊቀመንበሩን የሚመርጠውም የሚያወርደውም ጠቅላላ ጉባኤው እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡ ይናገራል። የእርስዎ ቢሮ ማኅተም በደንቡ ላይ አርፏል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ደንብ ተሰብስበን የቀድሞ ተከላካያችንን መረጥን። ከስምንት ወር በኋላ ከቢሮዎ የአንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። «ለተሻለ አመራር ሲባል» ይላል። እሱ ወረደ፤ በቦታው አንድም ቀን መዋጮ ከፍሎ የማያውቅ ሰው ተሾመ። ጉባኤ አልተጠራም። ጥፋቱ ይህ ነው ብሎ የነገረን የለም።

ያወረዱት ሰው ማን እንደሆነ ልንገርዎ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ልጆቹን ያሳደገው ባጃጅ እየነዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ባጃጁን ያቆምና አቧራው ላይ የሰፈሩን ታዳጊዎች ያሠለጥናል፤ ሳንቲም አይቀበልም። ሲመረጥ መጀመሪያ ያደረገው የክለቡን ሒሳብ በር ላይ መለጠፍ ነበር። ለተጫዋች ፊርማ የወጣው፣ ለሆቴል የተከፈለው፣ ኳስ የተገዛበት፣ አንድ በአንድ። ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አውጥተው ሲያነቡ አይቻለሁ። 14 ዓመት መዋጮ ስከፍል ገንዘቤ የት እንደሚገባ ያወቅሁት ገና ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ ሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ዞረ። የእኛ የስፖርት ክለብ ነው፤ የእግር ኳስ ብቻ አይደለም። አትሌቲክስ አለው፣ ቦክስ አለው፣ መረብ ኳስ አለው። ለዓመታት ግን ገንዘቡ ለእግር ኳስ ዝውውር ሲፈስ ሴቶቹ ለልምምድ የሚመጡት የታክሲ ከራሳቸው እየከፈሉ ነበር። እሱ የራሱ ስፖርት እግር ኳስ ሆኖ ሳለ ከአንድ አጥቂ የፊርማ ገንዘብ ቀንሶ የእነሱን ትራንስፖርትና ትጥቅ ቻለ። አንዷ ልጄ ናት። አዲሱ ተሿሚ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቡድኑ «በበጀት እጥረት» ተበተነ። ልጄ ያን ቀን ማሊያዋን አጥባ አስጥታ ነበር። ማታ ተደውሎ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ተባለች። ማሊያው ሦስት ቀን ገመድ ላይ ዋለ። ላነሳው አልቻልኩም፤ እሷም አላነሳችውም።

ለምን ብዬ ቢሮዎ ስመጣ ከእርስዎ ሥር ያሉ ባለሙያ «እሱ እኮ ኳስ ተጫዋች ነው፤ አስተዳደር ምን ያውቃል?» አሉኝ። ይህ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ይድነቃቸው ተሰማ ማን ነበሩ? የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ቡድኑን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ተጫዋቿ አህጉር በመራበት አገር፣ ለአንድ የከተማ ክለብ ተጫዋች አይበቃም እንዴት ይባላል?

የአርጀንቲናው ቦካ ጁኒየርስም እንደኛው የአባላት ክለብ ነው፤ ቅርጫት ኳስም መረብ ኳስም አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አባላቱ የቀድሞ ባለ 10 ቁጥራቸውን ሁዋን ሮማን ሪኬልሜን ፕሬዚዳንት አደረጉት። በተቃራኒው ወገን ለምክትልነት የቀረቡት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማውሪሲዮ ማክሪ ናቸው። ቤተ መንግሥት የነበሩ ሰው ተሸነፉ፤ ተጫዋቹ አሸነፈ። በ2025 መጀመሪያ ቦካ በፔሩው አሊያንዛ ሊማ በመለያ ምት ተሸንፎ ከደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ፣ ከኮፓ ሊበርታዶሬስ፣ ሲወጣ ደጋፊው በቁጣ ጮኸ። ሪኬልሜን በደብዳቤ ያወረደ መሥሪያ ቤት ግን የለም። የፖርቱጋሉ ቤንፊካም በቀድሞ ተጫዋቹ በሩይ ኮስታ ይመራል። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ከ80 ሺህ በላይ አባላት ወጥተው በመጀመሪያው ዙር አሸናፊ አላደረጉትም። ሁለተኛ ዙር ተወዳድሮ ነው ወንበሩን ያስጠበቀው።

የእኛ ሰው መልአክ ነው አላልኩም። የሜዳው ጥገና ዘግይቶበታል። ከአሠልጣኙ ጋርም የተጋጨው በማይረባ ነገር ነው። ይህን በጉባኤ ፊት ለፊት ልጠይቀው ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር። ቢከፋኝ ድምፄን እነፍገው ነበር። እርስዎ የወሰዱት የእሱን ወንበር ብቻ አይደለም፤ የእኔንም ድምፅ ነው።

በጀት የምንሰጠው እኛ ነን ትላላችሁ። አዎ፣ ትሰጣላችሁ። ብሩ የግብር ከፋዩ ስለሆነ ኦዲት የማድረግ መብት አላችሁ። ኦዲተር ላኩ፤ የጎደለ ከተገኘ ሕግ ይጠይቀው። መሪ መምረጥ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። ደንቡም ይህን አይፈቅድላችሁም፤ እርስዎም ያውቁታል።

የሻሩበት ደብዳቤ ይነሳ። ጠቅላላ ጉባኤው በደንቡ መሠረት ይጠራ፤ ማን ይምራን የሚለውን እዚያ እንወስናለን። የሴቶቹ ቡድን ግን ጉባኤ እስኪጠራ መጠበቅ የለበትም። መረቡና ኳሶቹ መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉን የእርስዎ ተሿሚ ይዞታል። ልጆቹ ሐሙስ በ10 ሰዓት ሜዳው በር ላይ ይሆናሉ፤ ሰው ይላኩና ያስከፍቱላቸው።

የክለቡ አባልና የአንዷ ተጫዋች አባት