እማዬ፣ ከመነሣትሽ በፊት

ፍራንክፈርት፣ ነሐሴ 28 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ የምነግርሽን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ትይኝና ስልኩ ሲዘጋ ለእህቴ «ምን እንዳለች አልሰማሁም» እንደምትያት ደርሼበታለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ፊደሉን አተልቄዋለሁ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው፤ ሲደክምሽ የእህቴ ልጅ ትቀጥልልሽ።

ቪዛው መውጣቱን የነገርኩሽ ዕለት «ባሕር ዳር ከሆነማ ጣናን መች አጣሁት?» ብለሽ አሳቅሽኝ። ላለመሄድ ሰበብ ስትፈልጊ ቀልድ እንደሚቀናሽ አውቃለሁ። የምወስድሽ ሲዴ ነው፤ በቱርክ ደቡብ፣ ከአንታልያ ከተማ በስተምሥራቅ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እንደ ምላስ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የገባች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ በጥንቱ ያገሩ ቋንቋ ሮማን ማለት ነው፤ እኛ የምንሄደውም ሮማኑ በሚደርስበት ወቅት ስለሆነ በየመንገዱ ፊትሽ ጨምቀው ይሸጡልሻል። አምና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ሳምንት ስቀመጥ አፌ ላይ የነበረው «ይህን እማዬ ባየችው» ነበር። ዘንድሮ እንግዲህ ታዪዋለሽ።

ጊዜውንም አስቤበት ነው የመረጥኩት። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቻል አይደለም፤ አንቺም ፍልሰታን ትተሽ እንደማትንቀሳቀሺ አውቃለሁ። ከመስቀል በኋላ ግን ፀሐዩ ይበርዳል፣ ሕዝቡም ጋብ ይላል፤ ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ውሃው ያኔም 25 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ስለ ጉዞው። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ አንታልያ አንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። እኔ አንታልያ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ችግሩ ኢስታንቡል ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከመስፋቱ የተነሣ እኔ ራሴ ጠፍቼበታለሁ። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያቀርቡልሽ ትኬቱን ስቆርጥ አስመዝግቤያለሁ። «አንካሳ ነኝ ወይ?» እንዳትዪ። ወንበሩን የሚገፋው ሰው ፓስፖርት ቁጥጥሩንም ተራውንም አልፎ አውሮፕላኑ በር ላይ ያደርስሻል። ጉልበትሽን ለባሕሩ አስቀምጪው። አዲስ አበባ ላይ ሻንጣሽን ስታስረክቢ ቀጥታ አንታልያ ይሄድ እንደሆነ ጠይቂና የሚሰጡሽን ወረቀት ፓስፖርትሽ ውስጥ አድርጊው። አውሮፕላን ውስጥ እግርሽ እንዳያብጥ በየሰዓቱ ተነሥተሽ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ በይ።

የግፊት ኪኒንሽን ለዐሥራ አምስት ቀን የሚሆን፣ ከነካርቶኑና ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር፣ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ሻንጣ ይጠፋል፤ ኪኒን ግን መጥፋት የለበትም። ከመነሣትሽ በፊትም ሐኪምሽ ጋ ሂጂና የሚያሸናውን ኪኒን በሙቀት አገር እንዴት እንደምትወስጂው ጠይቂው። እዚያ ካመመሽ በየመንገዱ ቀይ የፈረንጅ «E» ፊደል የተሰቀለበት ቤት ፋርማሲ ነው፤ የአደጋ ጊዜ ስልኩ ደግሞ 112 ነው።

ደስ የሚልሽ ነገር ደግሞ አለ፤ ቱርክና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው። እኔ ጋ ስትመጪ እንደሚሆነው እንቅልፍሽ አይዛባም። አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው፤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ 7 የሚለውን አይተሽ «ምሳ አለፈኝ» ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ቁርስ በኛ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ የቀረውን ስትደርሺ በወረቀት ጽፌ አልጋሽ አጠገብ እለጥፍልሻለሁ።

እንደገባን እጅሽ ላይ የፕላስቲክ አምባር ያስሩልሻል። ስትታጠቢም ስትተኚም አይወልቅም፤ በመቀስ እንዳትቆርጪው፣ ሂሳቡ እሱ ነው። ምግቡ፣ ሻዩ፣ ለስላሳው፣ ሁሉም አስቀድሞ የተከፈለበት ስለሆነ «ይህ ስንት ነው?» እያልሽ አትሳቀቂ። የአምና ባልደረቦቼ ሦስት ጊዜ ሰሐን ሞልተው ግማሹን ሲተዉ አንጀቴ አርሮ ነበር፤ አንቺ ብታዪ እዚያው ትቆጪያቸዋለሽ። ትንሽ ትንሽ እያነሣሽ ደጋግመሽ ሂጂ። ዳቦ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ክፍል መውሰድ ግን አይፈቀድም፤ ከወዲሁ የነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው ነገር ልምጣ። ሥጋው የሚታረደው በሙስሊም እጅ ነው፤ አንቺ እንደማትበዪው አውቃለሁና ማንም አያስገድድሽም፤ ለማንም ማስረዳትም የለብሽም። ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ወይራው ሞልቷል። ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ ቱርኮች ሳያውቁት የጾም አገር ናቸው! «ዘይቲንያሉ» የሚሉት የምግብ ዓይነት አላቸው፤ ባቄላው፣ ባሚያው፣ በሩዝ የተሞላው የወይን ቅጠል በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ ይበላል። ከቀይ ምስር የሚሠራው ሾርባ የኛን ክክ ያስታውስሻል፤ እሱን ግን አንዳንዱ ቅቤ ጠብ ያደርግበታልና ሳትጠይቂ እንዳትቀምሺ። ወተት «ሱት» ነው፣ ሥጋ «ኤት»፣ ውሃ «ሱ»። ውሃ የምትጠጪው ከጠርሙስ ብቻ ነው፤ የቧንቧው ለመታጠቢያ ይሁን።

አንድ ነገር ልብ በዪ። አንቺ «አዎ» ለማለት ቅንድብሽን ከፍ አድርገሽ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ትስቢያለሽ። ቱርክ ደግሞ ቅንድቡን ከፍ ካደረገ «አይሆንም» ማለቱ ነው! አምና አስተናጋጁ «ሻይ ልጨምርልሽ?» ሲለኝ እንደ ልማዴ ቅንድቤን ከፍ ባደርግ ብርጭቆዬን ከነሻዩ አንሥቶት ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰውየው ጠልቶኛል ብዬ አስብ ነበር። ስለዚህ አንገትሽን ወደ ታች ነቅንቂላቸው።

ቡናቸውን ሳትቀምሺ አትፍረጂ። ከነዱቄቱ ነው የሚያፈሉት፤ አተላው ከታች እስኪዘቅጥ ትንሽ ጠብቂና ከላይ ከላዩ ጠጪ። ስኳር የማትፈልጊ ከሆነ «ሳዴ» በዪ። ስኒያቸውን «ፊንጃን» ይሉታል፤ ፍንጃል አላልሽም? አሁንም «ቡናማ የኛ ነው» ማለትሽ ስለማይቀር ግማሽ ኪሎ የተቆላና የተፈጨ ያዢ፤ ክፍላችን ውስጥ ውሃ ማፍያ አለ። ጀበናውን፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ግን ተይ፤ ጀበናው ይሰበራል፣ ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ያጨቃጭቁሻል። ቆሎ የፈለግሽውን ያህል ያዢ፣ ለኔም ጭምር።

ልብስ ብዙ አትያዢ። ቀለል ያለ ረጅም ቀሚስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የማያዳልጥ ነጠላ ጫማ ይበቃሻል። ስለመዋኛ ልብስ ሳነሣ በስልክ ያማተብሽውን ሰምቻለሁ። ማንም አያይሽም፤ ከራስ እስከ እግራቸው ተሸፍነው ባሕር የሚገቡ የቱርክ ሴቶች አሉ። በቀሚስሽ ትገቢያለሽ። ነጠላሽን ግን ውሃ ውስጥ ይዘሽ አትግቢ፤ ሲርስ ይከብድና እግርሽ ላይ ይጠመጠማል። «ፀሐይ የሚያቃጥለው ፈረንጅን ነው» የምትይውንም ተዪው፤ ባለፈው ዓመት አፍንጫዬ ተልጧል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ነን። ጥላውን ለመያዝ ደግሞ በጠዋት መነሣት ያስፈልጋል፤ ጀርመኖቹ ጎሕ ሳይቀድ ወርደው ፎጣቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው ተመልሰው ይተኛሉ። አንቺ ኪዳን ለማድረስ የምትነሺበት ሰዓት ስለሆነ ዘንድሮ ማንም አይቀድመንም።

ባሕሩን በሚመለከት፤ አንታልያ መሐል ከተማው አጠገብ ያለው ዳርቻ ጠጠር ነው፣ እግር ይወጋል። ሲዴን የመረጥኩት አሸዋ ስለሆነ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ዳርቻ ጥልቀቱ የሚጨምረው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ረጅም መንገድ ሄደሽም ውሃው ጉልበትሽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ እንገባለን። ፊትሽን ወደ ባሕሩ አድርገሽ ቁሚ፤ ጀርባ ከሰጠሽው ማዕበሉ ሳታስቢው ጉልበትሽን ይመታሻል። ውሃው ሲመለስ ከእግርሽ ሥር አሸዋውን እየሳበ ይሄዳል፤ መሬቱ የሚሸሽ ይመስልሻል፣ ራስሽንም ያዞርሻል። ያኔ ታች አትዪ፤ ሩቅ እያየሽ እጄን ያዢ። ጨው ነውና ዓይንሽን በረጠበ እጅ እንዳታሺ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን ቁጭ ብለን እናያለን።

ስለ ገበያው ብዙ አልልም። ሻይ ስለጋበዙሽ መግዛት ግዴታሽ አይደለም። «በርካሽ እናስጎበኛችኋለን» የሚል ሲመጣ ግን እኔ ልናገር፤ አምና በእንዲህ ያለው ጉዞ ፍርስራሽ አያለሁ ብዬ ወጥቼ ግማሹን ቀን በቆዳና በወርቅ መደብር ሲያዞሩን ውለው እስከ ዛሬ ያልለበስኩትን የቆዳ ጃኬት ታቅፌ ተመለስኩ። ብር አትያዢ፣ የሚመነዝርልሽ የለም። ዩሮ እኔ ይዣለሁ።

ለአንቺ ብዬ ያሰብኩት ቦታ ጴርጌን ነው። አዎ፣ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው ጴርጌን። ቅዱስ ጳውሎስ ቃሉን ተናግሮበት ወደ አጣልያ ወረደ ይላል አይደል? አጣልያ አውሮፕላንሽ የሚያርፍባት አንታልያ ናት። ጴርጌን ከእሷ ወደ ሲዴ ሲመጣ መንገድ ላይ ነው፤ በዓምዶች የታጠረ ረጅም ጎዳና፣ በመካከሉ የጥንቱ የውሃ ቦይ እንዳለ ነው። ጥላ ስለሌለው በጠዋት እንሄዳለን። የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደምሬ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያንን ጉልበትሽን አይተን እንወስናለን። ሠለስቱ ምዕት የተሰበሰቡባት ኒቅያም በዚሁ አገር ናት፤ እሷ ግን በጣም ሩቅ ናትና አትለምኚኝ።

ጴርጌን ላይ አንድ ነገር አደራ። ከገዳም አፈርና ጠጠር ለበረከት ይዘሽ መምጣት ልማድሽ ነው። እዚህ አይሆንም። ከጥንት ቦታ የወሰድሽው ድንጋይ፣ የጥፍር ያህል እንኳ ቢሆን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢገኝብሽ ያስከስስሻል፤ ቅርስ ማውጣት በቱርክ ከባድ ወንጀል ነው። መሬት ላይ ያየሽውን እዚያው ተዪው።

በዚህ የተነሣ ነው ሌላውን የምነግርሽ። እህቴ ነግራኛለች፤ ቡፌው ላይ የነበረውን የአባባን ዛጎል በነጠላ ጠቅልለሽ ሻንጣሽ ውስጥ ከትተሽዋል። ከአሰብ ሲያመጣው ትዝ ይለኛል፤ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሸሚዙ ጨውና ናፍጣ እየሸተተ፣ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ላንቺ ደግሞ «በሚቀጥለው ጉዞ ይዤሽ እወርዳለሁ» አለሽ። በሚቀጥለው እኔ ታመምኩ፤ ከዚያ እህቴ ተወለደች፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ፤ ከዚያ 1990 ላይ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደከተትሽው ገብቶኛል፤ አልጠይቅሽም።

ግን አውጪው እማዬ። ስንመለስ የአንታልያ ፈታሽ ዛጎሉ ከአሰብ እንደመጣ በምን ያውቃል? ቢወስድብን እኔም አንቺም አንችለውም። ቦታው ላይ መልሺው። ብቻ ከመነሣትሽ በፊት አንድ ጊዜ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ በደንብ ስሚው፤ ሲዴ ስንደርስ እናስተያየዋለን።

ልጅሽ

ኪኒኑን በእጅ ቦርሳ ነው ያልኩት፤ በሻንጣ እንዳይሆን።