ጥቁር ሰገራም ከዓይን ቢጫነት እኩል ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ጉበት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ስለሚጠጥርበት ሕመም) በሚወጡ ጽሑፎች የዓይን ቢጫ መሆንና የሆድ ውኃ መቋጠር በሰፊው ሲነሡ፣ ብዙ ሕመምተኞችን በድንገት የሚያሳጣን ጥቁር ሰገራ ምልክቱ የሆነው የምግብ ቧንቧና የጨጓራ መድማት ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን የማየት ምርመራ) ክፍል ለዓመታት ያገለገልኩ ነርስ እንደመሆኔ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበቱ በጠባሳ ሲጠጥር መንገዱ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል፤ በጤናማ ሰው ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የማይበልጠው፣ ወደ ጉበት በሚገባውና ከጉበት በሚወጣው ደም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 10 ሲደርስ ደሙ ሌላ መተላለፊያ ስለሚፈልግ በምግብ ቧንቧው ታችኛ ክፍልና በጨጓራው አናት ያሉት ስስ ደም ሥሮች ያብጣሉ፣ 12 ሲደርስ ደግሞ ሊፈነዱ ይችላሉ። በካሜራው ሲታዩ የተጠማዘዙ ሰማያዊ ገመዶች ይመስላሉ፤ በላያቸው ቀይ ሰንበር ከታየ መድማታቸው ቅርብ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን።

አንድ አባት ደም እያስመለሱ መጡ። ለወራት ደም ማነስ አለብዎት ተብለው የብረት ክኒን ሲወስዱ ቆይተዋል፤ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ አልነበረም። የጨጓራቸው ግድግዳ በግፊቱ ምክንያት የእባብ ቆዳ መስሎ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጨጓራ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይደማል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ተጣብቆ ለሦስት ቀን ሲወጣም፣ የብረት ክኒን ሰገራ እንደሚያጠቁር ሰምተው ስለነበር አልደነገጡም። ለወገብ ሕመማቸው ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይውጡ ነበር፤ ይህ መድኃኒትና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ዘመዶቹ ለሲሮሲስ ሕመምተኛ አደገኞች ናቸው።

የሚያሳዝነኝ አስቀድሞ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል የተባለው መድኃኒት ግፊቱን ይቀንሳል፤ ያበጡት የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችም በኢንዶስኮፒ በጎማ ቀለበት ይታሰራሉ። የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ግን ይህን ግፊት ዝቅ አያደርግም። ሁሉም ሕመምተኛ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል ማለቴም አይደለም፤ የፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሕዋሳት) ቁጥር ከ150,000 በላይ የሆነና የጉበቱ ጥንካሬ በመሣሪያ ተለክቶ ከ20 ኪሎ ፓስካል በታች የሆነ ሰው ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። ከፈነዳ በኋላ ግን ደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ፈጥኖ ማሰር ሁሉ ተደርጎ እንኳ ከመቶ ሕመምተኞች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በ6 ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ስለ ጉበት በድጋሚ ሲጽፍ፣ ጥቁር ሰገራ ያየ የጉበት ሕመምተኛ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ከዓይን ቢጫነቱ ጎን እንድታሰፍሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ