ለአባቴ፦ «መሬቱ የማን ነው?» ላሉኝ

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመምስ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «ዱባይ ላይ ቤት ልትገዢ ነው የሚሉት እውነት ነው? መሬቱስ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብዎ። መስመሩ ደኅና ነበር። ቤቱን ከገዛሁ ሦስት ሳምንት ስላለፈ አፌ ተሳስሮብኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሠላሳ ዓመት በደሴ ማዘጋጃ ቤት የይዞታ መዝገብ ሲያገላብጡ ለኖሩ ሰው «አያስቡ» የሚል መልስ እንደማይበቃ ስለማውቅ፣ ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳት መረጥኩ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። አያቴ ያከራዩአቸው የነበሩት ሁለት ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 «ትርፍ ቤት» ተብለው ወደ ቀበሌ ሲገቡ እርስዎ ቁልፉን ይዘው ሄደው እንዳስረከቡ ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። በገዛ አገር እንዲህ ከሆነ በሰው አገርማ እንዴት ይሆናል ማለትዎ ነው።

እዚህ ያለው ሕግ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዱባይ ቁጥር 7 ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን በመሠረቱ የሚፈቅደው ለአገሩ ዜጎችና ለባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት አባል አገሮች ዜጎች ነው። እንደ እኔ ያለው የውጭ ሰው መግዛት የሚችለው የዱባይ መሪ ለይቶ በወሰናቸው አካባቢዎች ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች ግን ጊዜ ያልተወሰነለት ሙሉ ባለቤትነት ወይም እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የኪራይ መብት ሊመዘገብለት ይችላል። «99 ዓመት» ሲባል የእኛው የመኖሪያ ቤት ሊዝ ትዝ እንደሚልዎ አልጠራጠርም። የእኔ ግን የመጀመሪያው ዓይነት፣ እዚህ ፍሪሆልድ የሚሉት ነው። አገሬ ላይ ዜጋ ሆኜ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የይዞታ መብት ብቻ ሲኖረኝ፣ እዚህ ባዕድ ሆኜ በተከለለው ቦታ ውስጥ ባለቤት መባሌ ለእኔም ገርሞኛል።

ከእነዚህ ከተለዩት አካባቢዎች ውጭ ያለው ነገር ግን ገደል ነው፤ እኔም አፋፉ ላይ ደርሼ ነበር። አምና አንድ ደላላ ዴይራ ውስጥ፣ እኛ ሐበሾች በምንበዛበት አሮጌ ሰፈር፣ ዋጋው የሚያጓጓ ቤት አሳየኝ። ካርታው በአንድ ዜጋ ስም ይሆናል፤ ለአንቺ ውክልና ይሰጥሻል፤ በየዓመቱ ትንሽ ገንዘብ ትሰጪዋለሽ አለኝ። ሠላሳ ሺህ ድርሃም ቀብድ ልሰጥ ቼኩን ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ያዳነኝ የእርስዎ ነገር ነው፤ «በሰው ስም ያለ ቤት የሰውየው ነው» እያሉ ባለጉዳይ ሲመልሱ፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎ እሰማ ነበር። ሕጉን ሳስነብብ ደግሞ ድንጋጌውን ለመሸሽ የተደረገ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ሰውየው ቢክደኝ የት ሄጄ እጮሃለሁ?

የገዛሁት ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባለው ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ በአገር ስም የተከፋፈሉ ናቸው፤ የእኔ ግሪክ በሚባለው ክፍል ስለሆነ ዱባይ ተቀምጬ አድራሻዬ ግሪክ ነው። ቤቱ 45 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ክፍል፣ ኩሽናና መታጠቢያ ነው። ዋጋው 410,000 ድርሃም ሲሆን፣ 82,000ውን ካጠራቀምኩት ከፍዬ ቀሪውን ባንክ አበድሮኛል። ለመሬት መምሪያው የስም ማዛወሪያ 4 በመቶ፣ ማለትም 16,400 ድርሃም ከፍያለሁ። ሕጉ ይህን ገዢና ሻጭ እኩል ይካፈሉት ቢልም፣ በተግባር ገዢው ላይ ይወድቃል። ስም የዞረ ዕለት ሻጩ ከሕንፃው አልሚ ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ክሊራንስ አቀረበ፤ እኔ ሲፒኦውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ጸሐፊዋ አንስታ ቁጥሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሁለት ጊዜ ካስተያየች በኋላ ነው ወደ ሻጩ የገፋችለት። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በስሜ የወጣው ካርታ ስልኬ ላይ ገባ።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎ። ካርታው የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። የ10 ዓመቱ ወርቃማ ቪዛ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ንብረት ስለሚጠይቅ የእኔ ቤት አጠገቡም አይደርስም። ፈቃዴ የተንጠለጠለው በሥራዬ ላይ ነው፤ ሥራዬን ባጣና ሌላ ባላገኝ ቤቴ እዚህ ይቀራል፣ እኔ እወጣለሁ። ያን ጊዜ ማከራየት ወይም መሸጥ እችላለሁ፤ የባንኩ ዕዳ ካርታው ላይ ስለተመዘገበ ግን ሳይከፈል ወይም ባንኩ ሳይስማማ አይሸጥም። ለሕንፃው እንክብካቤም በስፋቱ ልክ እየተሰላ በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ ይህ እስካለሁ አይቀርም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የገዛሁት፣ 13 ዓመት ሙሉ የዓመቱን ኪራይ በአራት ቼክ እየቆረጥኩ ሰጥቼ አንድ ጡብ እንኳ የእኔ ስላልሆነ ነው። ደሴ ላይ ሥሪ ያሉኝን አልረሳሁም፤ እዚህ የምሠራበት ዘመን ግን የት እንደሚያድር መወሰን ነበረብኝ።

ስለ ውርስም እንዳያስቡ። ሙስሊም ላልሆንን ሰዎች ኑዛዜ የሚመዘገብበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እዚሁ ዱባይ ስላለ፣ የእርስዎንና የእማማን ስም አስገብቼ አስመዝግቤያለሁ። ስለ ሞት አወራች ብለው አይቆጡኝ፤ መዝገብ ክፍት ሆኖ ሲያዩ ዝም እንደማይሉ አውቃለሁ።

የካርታውን ግልባጭ አትሜ ለፋሲካ በምትመጣው በእኅቴ እጅ ልኬልዎታለሁ። ጽሑፉ አረብኛና እንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን በአማርኛ በጎን ጽፌበታለሁ። ክብ ማኅተም ቢፈልጉ የለውም፤ በስልክ የሚነበብ አራት ማዕዘን ምልክት ነው ያለው። የስሜን አጻጻፍ፣ የቤቱን ቁጥርና ስፋቱን ከውሉ ጋር ያመሳክሩልኝ፤ ስህተት ካገኙ እንደ ልማድዎ በቀይ እስክሪብቶ ያክብቡና ይመልሱልኝ።

ጉልበትዎን የምስም ልጅዎ