ጌጁና ላፕቶፑ አይስማሙም ብዬ ነበር፦ ለጋራዡ ባለቤት የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጋራዡ ባለቤት
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ የሴንሰር ቅንብር ምክንያት ስለተጎዳው ሞተሬ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ባለፈው በስልክ ስናወራ ሁለታችንም ተቆጥተን ስለነበር መግባባት አልቻልንም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፍልዎት። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መኪናዬ የ2011 ሱባሩ ኤስቲአይ ነው። 2.5 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 305 የፈረስ ጉልበት ያለው። ስድስት ዓመት ኤርፖርት ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኩበት ነው። ማርች ላይ ወደ እናንተ ያመጣሁት ቱርቦውንና ኢንጀክተሮቹን በትልልቅ ካስቀየርኩ በኋላ ነበር። የሞተሩ ኮምፒዩተርም የፋብሪካው ሳይሆን ስታንድአሎን ነው፣ ማለትም ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠምና የሚቀናበር። ዋይድባንድ ሴንሰሩንና ንባቡን የሚያሳየውን ጌጅ ራሴ ገዝቼ አመጣሁ። እናንተ ገጠማችሁ፣ ዳይኖ (መኪናውን ባለበት እያስሮጠ ጉልበቱን የሚለካ ማሽን) ላይ ቱን አደረጋችሁ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን በላፕቶፕ አቀናበራችሁ። ለመግጠሚያ 220 ዶላር፣ ለቱን 900 ዶላር ከፈልኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

እርስዎ ደንበኛ ያስተናግዳሉ እንጂ ላፕቶፑን እንደማይነኩ ነግረውኛል። ስለዚህ ምን እንደተበላሸ በቀላሉ ላስረዳዎት።

ዋይድባንድ ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ የሚገባ፣ ካንዴላ የሚያክል ነገር ነው። ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ከዚያ ተነስቶ ሞተሩ ከአንድ እጅ ቤንዚን ጋር ስንት እጅ አየር እያቃጠለ እንደሆነ ይነግርዎታል። አሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ተራ ሴንሰር የሚያውቀው 14.7 አካባቢ ያለውን ድንበር ብቻ ነው። ቤንዚን በዛ ወይም አነሰ ይላል፣ በምን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። ዋይድባንድ በምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ቱርቦ ያለው መኪና ያለ እሱ ቱን ማድረግ ዓይንን ጨፍኖ እንደመንዳት ነው። ቱርቦው ሲነፋ የኔ ሞተር 11.5 አካባቢ ይፈልጋል። ትርፉ ቤንዚን የቃጠሎውን ሙቀት ያበርድለታል። እዚህ ኮሎራዶ ፓምፕ ላይ በብዛት የምናገኘው ከፍተኛው ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚችልበት ደረጃ) ደግሞ 91 ነው። በ91 ኦክቴንና እናንተ በሰጣችሁት ቡስት (የቱርቦው ግፊት) 12.6 ማለት ቤንዚኑ አንሷል፣ ሞተሩ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ችግሩ የተፈጠረው ከጌጁ ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄደው አንድ ሽቦ ላይ ነው። ጌጁ የሴንሰሩን ንባብ ከ0 እስከ 5 ቮልት አድርጎ ይልካል። ኮምፒዩተሩ ቮልቱን መልሶ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። የሚቀይርበት ሰንጠረዥ ግን እንደ ጌጁ ዓይነት ይለያያል። የኔ ጌጅ 0 ቮልት ሲልክ 7.35 ማለቱ ነው፤ 5 ቮልት ሲልክ 22.39። ቱን ያደረገው ልጅ ያስገባው ሰንጠረዥ 0.5 ቮልትን 8.5፣ 4.5 ቮልትን 18 ብሎ የሚያነበውን ነው። ይህም ትክክለኛ ሰንጠረዥ ነው፣ ግን የሌላ ኩባንያ ጌጅ ሰንጠረዥ ነው። ወረቀት ላይ ያስሉት፦ ጌጁ 1.76 ቮልት ሲልክ እውነቱ 12.6 ነው። ኮምፒዩተሩ ግን 11.5 ነው ብሎ ያምናል። ልጁ ስክሪኑ ላይ 11.5 እያየ፣ በጣም ጥሩ ነው እያለ፣ ሞተሬን 12.6 ላይ አስሮጠው።

ዳይኖው የራሱ ዋይድባንድ አለው። ያን ቀን ግን አልተሰካም። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ተበላሽቷል፣ በመኪናው እንሠራለን" ተባልኩ። ያ ቢሰካ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አሁን በጣም ያሳዘነኝን ልንገርዎት። ስህተት ማንም ይሠራል። እኔ ግን ስህተቱን በዓይኔ አይቼ እዚያው ነግሬያችኋለሁ። ሦስተኛው ሩጫ ላይ ከሾፌሩ መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር። መሪው አጠገብ ያለው ጌጅ 12.6 ይላል። ላፕቶፑ 11.5 ይላል። ልጁን በጆሮው ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም" አልኩት። "ጌጁን ተወው፣ ላፕቶፑን ነው ማመን" አለኝ። ሁለቱም የሚያነቡት ያንኑ አንድ ሴንሰር ነው እኮ! ከአንድ ሴንሰር ሁለት ቁጥር ከመጣ መሃል ላይ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። እዚያው ማቆም ነበረበት።

በማግስቱ ደግሞ ደወልኩ። መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞው ይዋዥቃል፤ አርፒኤሙ 600 ይወርድና 1,100 ይዘላል። ጌጁ 16.7 ያሳያል። ይህም የዚያው ስህተት ውጤት ነበር። ኮምፒዩተሩ 14.7 ላይ ያዝኩት እያለ ሞተሩን ቤንዚን ያስርበው ነበር። "ትልልቅ ኢንጀክተር እንደዚህ ነው፣ ይለምዳል" ተባልኩ። በሳምንቱ ጋራዡ ድረስ መጣሁ። እርስዎ ራስዎ ቡና ጋብዘውኝ "ሥራ በዝቶብናል፣ በሌላ ቀን እናየዋለን" አሉኝ። ሌላው ቀን አልመጣም።

ኤፕሪል ላይ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ሽቅብ እየወጣሁ፣ ነዳጅ በደንብ ረግጬ እያለሁ፣ ጉልበቱ ድንገት ወደቀ። በመስታወት ስመለከት ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው። መኪናውን አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ሲለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ122 እስከ 126 ፒኤስአይ ሰጡ፤ ለዚህ ከፍታ ጤነኛ ቁጥር ነው። አራተኛው 70። ሲከፈት የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) የሚቀመጥበት ጠርዝ ተሰብሯል። የዚህ ሞተር ፒስተን ቤንዚን ማነስንና ማንኳኳትን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መፈንዳቱን) እንደማይችል ሱባሩ ቱን የሚያደርግ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሞተሩ ድሮም ተበላሽቶ ነበር እንዳይሉኝ የራሳችሁን ወረቀት ተመልከቱ። ቱን ከማድረጋችሁ በፊት ኮምፕረሽን የለካችሁት እናንተው ናችሁ። 125፣ 128፣ 124፣ 126 ብላችሁ ጽፋችኋል።

ሰንጠረዡ ስህተት መሆኑን ያረጋገጥኩት ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሴንሰሩን ፈትቼ አወጣሁት። ገመዱን ሳልነቅል በሽቦ አንጠልጥዬ ንጹሕ አየር ላይ ተውኩት። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፈትኩ። ሴንሰሩ እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ጌጁ 22.4 ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አየር ላይ መሆን ያለበትም እሱ ነው። ላፕቶፑ 19.2 አለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ በቪዲዮም ቀረጽኩት። ይህንን ፍተሻ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማድረግ ነበረባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰሩ የተገጠመበት ቦታም ልክ አይደለም። የጭስ ማውጫው ሆድ ላይ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው የገባው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ እዚያ ይወርዳል፣ የጋለ ሴንሰር ላይ ውኃ ሲያርፍ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። የቧንቧውን ክብ እንደ ሰዓት ቢያዩት ከ10 ቁጥር እስከ 2 ቁጥር ባለው ላይኛው በኩል ነው የሚገባው። ከጌጁ ጋር የመጣው መመሪያ በሥዕል አሳይቶታል። መመሪያው ፕላስቲኩ ሳይከፈት ወንበሬ ላይ አገኘሁት።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለቱንና ለመግጠሚያ የከፈልኩት 1,120 ዶላር ይመለስልኝ። ሞተሩን ለማሠራት 6,400 ዶላር ተጠይቄያለሁ። ሞተሩ 81,000 ማይል የሄደ እንደነበር አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሙሉውን ክፈሉ አልልም፤ ግማሹን ክፈሉ። የዳይኖውን ሎግ (የተመዘገበውን ንባብ) በሙሉ፣ የቱኑን ፋይልና የቆለፋችሁበትን የይለፍ ቃል ስጡኝ። እነሱ የከፈልኩባቸው የኔ ናቸው።

ከገንዘቡ በላይ የምለምንዎት ደግሞ አለ። ልጁ የጫነው ፋይል ለኔ መኪና ብቻ የተሠራ አይደለም። "ለሁሉም ስታንድአሎን ከዚህ ነው የምጀምረው" ሲል ሰምቼዋለሁ። እንደኔ ዓይነት ጌጅ የገጠመ ደንበኛ ሁሉ ያንኑ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ይዞ እየነዳ ሊሆን ይችላል። እኔ በመጣሁበት ሳምንት ተራ ይጠብቅ የነበረውን ነጭ ሱባሩ ያስታውሳሉ፤ የመኪናው ባለቤት ገና ኮሌጅ ተማሪ ነው። ዛሬውኑ ደውላችሁ ጥሩአቸው። ጌጁና ላፕቶፑ አንድ ቁጥር ማለታቸውን እስክታረጋግጡ ድረስ ነዳጅ አብዝተው እንዳይረግጡ ንገሯቸው።

መልስዎን በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የተሰበረው ፒስተን፣ ቪዲዮውና የኮምፕረሽኑ ወረቀት እኔ ጋ ናቸው። ማየት ከፈለጉ ከቅዳሜ በስተቀር በማንኛውም ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ፣ ቱን ያደረገውን ልጅም ይዘውት ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛዎ