መብራቱን ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን ጥረጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም፣ ዓሣና የውሃ ተክል ስለሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ጋዜጣ ላይ ማየት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተዋጠልኝም። ተክሎቹ አልፋፋ ካሏችሁ መብራቱን በጠንካራ ኤልኢዲ ቀይሩት ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ ይህንኑ ምክር ሰምቼ ጉድ ሆኛለሁ።

የእኔ አኳሪየም 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለዓመታት የሚያበሩለት ሁለት ፍሎረሰንቶች ነበሩ። ተክሎቹ አይሞቱም፣ ግን አያድጉም። ግንዳቸው ቀጥኖ ወደ ላይ ይሳባል፣ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል። አንድ ቀን ሻጩ «ይኼ ነው የሚያዋጣህ» ያለኝን ትልቁን ኤልኢዲ ገዝቼ ሰቀልኩት። ሙሉ ኃይሉ ላይ፣ በቀን ለ10 ሰዓት። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግና ምላሽ ነበር። ከቅጠሎቹ ጫፍ የኦክስጂን አረፋ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ሽቅብ ይወጣል፣ ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ እጁን እየጎተትኩ አሳያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ከዚያ ፀጉር የመሰለ ነገር ሮታላ የሚባለው ባለቀጭን ግንድ ተክል ላይ ተጠመጠመ። አኑቢያስ የሚባለው ባለወፍራም ቅጠል ተክል ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ጥቁር ጢም አበቀለ። የምሬን ነው፣ ጢም ነው የሚመስለው። በጣት ቢፈትጉት ንቅንቅ አይልም።

መብራቱ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጠንካራ ብርሃን ተክልን ያስርባል። ብርሃን አስተፃምሮው ሲፈጥን ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድም፣ ናይትሮጂንም፣ ፖታሲየምም፣ ብረትም አምጡ ይላል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ካርቦኑ ነው፣ ምክንያቱም ጋዝ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ስለሆነ ቅጠሉ አጠገብ ያለው ቶሎ ያልቅና የሚተካው አይደርስለትም። የተራበ ተክል አሮጌ ቅጠሉ መበስበስ ይጀምራል። አልጌ፣ ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ሲሉን የነበረው ማለቴ ነው፣ አድብቶ የሚጠብቀው ያቺን ቀን ነው። እሱ በትንሽ ነገር ይኖራል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ችግሩ ሲጠናብኝ አኳሪየሙን ላጸዳ የመስታወት ክዳኑን አውጥቼ ወደ መስኮት አነሳሁት። ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በዚያኛው በኩል የያዝኩበት ጣቴ እንደ ጥላ ነው የሚታየኝ። የሚረጨው ውሃ እዚያው ሲደርቅ ካልሲየሙ እየተደራረበ ቀርቶ ነው። ኮምጣጤ በነከርኩት ጨርቅ ሸፍኜ ትንሽ አቆየሁትና ፈተግኩት፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት፣ ወለል ብሎ ጠራ። ለካ ያ ሁሉ ዓመት በገዛ ክዳኔ ነበር ብርሃኑን የጋረድኩት! ፍሎረሰንት ራሱ ሳይቃጠልም እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዓይናችን ስለሚለምደው ግን አናውቅበትም። አዲስ አምፖል ብቻ ይበቃኝ ይሆን ነበር።

እንግዲህ የግድ ኤልኢዲ እንግዛ ካልን ዋት አትቁጠሩ። በሊትር ይህን ያህል ዋት የሚባለው ስሌት የፍሎረሰንት ዘመን ነው፣ ኤልኢዲ በትንሽ ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ሉመንም ቢሆን የተለካው ለሰው ዓይን ነው። ተክሉ የሚጠቀመው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ነው፣ ሻጩ በዚህ የተለካ ቁጥር ካለው እሱን ጠይቁ። ኬልቪን የሚነግራችሁ የብርሃኑን ቀለም እንጂ ብዛቱን አይደለም። 6,500 አካባቢ የቀን ብርሃን ስለሚመስል ዓሣውም ተክሉም ያምርበታል። ሐምራዊ የሚያደርጉት መብራቶችም ተክል ያሳድጋሉ፣ እኔ ግን ሳሎኔ ጭፈራ ቤት እንዲመስል አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ ግን ማደብዘዣ ያለው ግዙ። ታይመርም አብራችሁ ያዙ። ግማሽ ኃይል ላይ፣ በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ በማብራት ጀምሩና ሁለት ሳምንት ታገሱ። አልጌ ካልመጣ ትንሽ ጨምሩ፣ ከመጣ መልሱት። ቀስ እያለ የሚደምቅ ከሆነ ደግሞ እሰየው፣ ዓሦች ከጨለማ በአንዴ ሙሉ ብርሃን ሲወርድባቸው ይደነብራሉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ለመግጠም ሐሳብ ከሌላችሁ በአኑቢያስ፣ በጃቫ ፈርንና በክሪፕቶኮሪን ብትወሰኑ ይሻላል፣ እነሱ ብዙ ብርሃን አይሹም። ካርቦኑን ከገጠማችሁ መብራቱ ከሚበራበት ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱት፣ ማታ ዝጉት። ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ ወዲያው ዝጉትና አየር ማስገቢያውን ክፈቱ።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጽሑፋችሁ ምንም አላለም። መብራቱን ስትሰቅሉም ስታወርዱም ሶኬቱን ንቀሉ። ገመዱ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፣ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ እዚያ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠብ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይግባ።

አሁን የእኔው ኤልኢዲ ግማሽ ኃይሉ ላይ በቀን ለ7 ሰዓት ይበራል። በየሳምንቱ የውሃውን ሲሶ እቀይራለሁ፣ ማዳበሪያውንም አልረሳም። የአኑቢያሱን ጢማም ቅጠሎች በመቀስ ቆርጬ ጣልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ሁለቱ ንጹህ ናቸው፣ ሦስተኛው ላይ ግን ጫፉ ጋ የሆነ ጥቁር ነገር አይቻለሁና ነገ አጉሊ መነጽር ይዤ አየዋለሁ። እናንተም በሚቀጥለው እትም ስለ ክዳኑ አንድ መስመር ጨምሩልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ