ከሌሊት ሥራ መልስ የሚሆን ወጥ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ለማን አልደወለም የሚለውን ሂሳብ እንተወው፤ ከተቆጠረ ሁለታችንም አንተርፍም። የሌሊት ፈረቃ መጀመርሽን ከሰው ሰማሁ። ጠዋት ገብተሽ እህል ሳትቀምሺ እንደምትተኚም ጭምር ነግረውኛል። (ዳላስ ብትሆኚም ወሬሽ ቨርጂኒያ ይደርሳል።) ብዕር ያስነሳኝም ይሄው ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ትኩስ ወጥ ላስተምርሽ።

እኛ ሰፈር፣ አናንዴል፣ የኮሪያ ምግብ ቤት በየማዕዘኑ ነው። ሱንዱቡ ጂጌ የሚሉት ወጥ አላቸው። ቶፉ ነው፣ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው አይብ መሳይ። ቆይ፣ ፊትሽን አታጨማድጂ! ያ አንዴ በልተሽ ጣዕም የለውም ያልሽው ደረቁ ነበር። ይሄኛው ውኃው ያልተጨመቀ፣ ማንኪያ ሲነካው የሚፈርስ ለስላሳ ነው። ጥቁር የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ልክ እንደ ተጋቢኖ ሽሮ እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። እዚያው እየፈላ ጥሬ ዕንቁላል ይሰበርበታል።

ኮሪያ ውስጥ ጋንግኑንግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ቾዳንግ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ቶፉውን የሚያረጉት በባሕር ውኃ ነው። ነጩንም በርበሬ ሳይነካው ይበሉታል። እኔና አንቺ ግን የቀዩ ወገን ነን። አሜሪካ ውስጥ ቀዩን ካስለመዱት አንዷ ሊ ሂ ሱክ ነበረች፤ ልጆቿን ለማስተማር ብላ የመጣች ኮሪያዊት። እ.ኤ.አ. በ1996 ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያታውን ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተች። ቤቱ ሌሊትም ክፍት ሆኖ ነው ስሙ የገነነው። ለሌሊት ሠራተኛ የሚስማማ ምግብ ነው የምልሽ ዝም ብዬ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ካሮልተን የኮሪያ ሱቅ ሞልቷል፣ ካንቺም ሩቅ አይደለም። በፕላስቲክ የታሸገ፣ እንደ ቱቦ ረዘም ያለ ለስላሳ ቶፉ ግዢ። አንዱ ለአንድ ሰው ይበቃል። ጎቹጋሩ የሚባለውን የነሱን ቀይ በርበሬም ያዢ። ሻካራ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ብዙም አያቃጥልም። የኛን በርበሬ ላድርግበት እንዳትዪ። የኛ ኮረሪማውም፣ ዝንጅብሉም፣ ነጭ አዝሙዱም አብሮት የተፈጨ ነው፤ አንዴ ከገባ ቤቱን ሁሉ ይወርሰዋል። ሚጥሚጣማ ጭራሽ አይነሳ።

መረቁን እነሱ ከደረቁ ትንንሽ ዓሦች ይሠሩታል፣ ጭንቅላትና ሆዳቸውን አውጥተው፤ አለዚያ ይመራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ውስጥ አታስገቢኝ። አንቺ እንደማትበዪ ስለማውቅ በእንጉዳይ እንሥራው። ደረቅ እንጉዳይና መዳፍ የምታህል ደረቅ የባሕር አረም፣ ዳሺማ ይሉታል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊ። ወደ ሥራ ስትወጪ ፍሪጅ ውስጥ ትተሽው ሂጂ፣ ስትመለሺ ደርሷል። መረቁን ስታሞቂው ሊፈላ ሲል አረሙን አውጪው፤ ብዙ ከፈላ ይዝለገለጋል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ድስቱ ለብ ሲል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጊ፣ ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ጣል አድርጊበት። ነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ቅጠል ከትፈሽ ጨምሪ። ሽታው ሲመጣ አንድ ተኩል ማንኪያ ጎቹጋሩ። እሳቱ ዝግ ይበል። የኛን ቁሌት ለምደሽ እንደ ዶሮ ወጥ ላብስለው እንዳትዪ፣ ይሄ የደቂቃ ሥራ ነው። ዘይቱ ቀልቶ ዳር ዳር ሲል አይተሽ ወዲያው መረቁን አፍስሺበት። ከዘገየሽ ይጠቁራል፣ ይመራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያድነውም። መረቁ ደግሞ አንድ ኩባያ ብቻ። ሲያዩት ያንሳል። ግን ቶፉው ራሱ ውኃ ይለቃል፤ ብዙ የጨመረ ሰው ሾርባ ነው የሚጠጣው።

እንጉዳዩን ቆራርጠሽ፣ ዝኩኒ ካለሽም ጨምረሽ፣ በሶይ ሶስና በጨው አስተካክዪው። ከዚያ ቶፉውን በትልቁ እየጨለፍሽ አስገቢ። አታማስዪው! እጅሽ አርፎ እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። አንድ ሁለቴ መረቁን ከላይ አልብሺውና ተዪው፣ ለጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። የፍስክ ቀን ከሆነ ዕንቁላሉን ስበሪና ክደኚው።

በሩዝ ነው የሚበላው። በእንጀራ አይሆንም፣ ሁሉም በጣትሽ መሃል ይፈሳል። ኪምቺ፣ በበርበሬ የኮመጠጠው ጎመናቸው፣ ካማረሽ የጾም ሰሞን ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበሽ ግዢ፤ ብዙውን ጊዜ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይገባበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ ደውዪልኝ። ያን ሰዓት ነቅቼ ነው የምጠብቅሽ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው፣ እያወራን እንሠራዋለን። የአዲሱን ሥራሽንም ነገር ከራስሽ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፤ አለቃሽ አስቸጋሪ ናት ያሉኝ እውነት ነው?

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት