ወይዘሮ ኒጆ ጌሻ አይደለችም

ይድረስ ለኪነ ጥበብ አምድ አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዛዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ካሪል ቸርችል «ቶፕ ገርልስ» ተውኔት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ወይዘሮ ኒጆ «ጌሻ» (በዘፈን፣ በጭፈራና በጨዋታ እንግዳ የምታስተናግድ የጃፓን ባለሙያ) ተብላለች። አይደለችም። ኒጆ እ.ኤ.አ. በ1258 የተወለደች የጃፓን ቤተ መንግሥት ሴት ናት፤ ጌሻነት ሙያ የሆነው ከእሷ በኋላ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ14 ዓመቷ ዙፋኑን የለቀቀው የንጉሠ ነገሥት ጎፉካኩሳ እቁባት ሆነች። ኋላ ከግቢ ተባረረች፣ መነኮሰች፣ አገር ለአገር ዞረች፤ ይህን ሁሉ በአምስት ክፍል ማስታወሻ ጻፈችው። ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር በቀረበው ተውኔቷ ከሌሎች የጥንት ሴቶች ጋር እራት ገበታ ላይ ያስቀመጠቻት ይህችን ሴት ነው።

ስህተቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባለፍኩት፤ ነገር ግን አልባሳቱን ያበላሻል። «ጌሻ ናት» የተባለው የአልባሳት ባለሙያ ፀጉሯን ወደ ላይ ይጠቀልላል፣ ወገቧን በሰፊ መቀነት ያስራል። የግቢ ሴት ፀጉር ግን በጀርባዋ የተለቀቀ፣ ከወገብ የሚያልፍ ነው፤ ልብሷም እርስ በርሱ የተደራረበ ካባ። ሙሉው የክብር ልብስ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በመጀመሪያው ዝግጅት 16ቱን ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት 7 ተዋንያን ናቸው፤ ኒጆን የሠራችውም ኋላ የቢሮ ሠራተኛ ሆና ተመልሳለች። ስለዚህ ልብሱ ቶሎ መውለቅ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ስስ ካባ ተሰፍቶ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ አምስት ቀለም ጨርቅ ደረጃ በደረጃ ይደረብበታል። ገበታ የተቀመጠች ሴት ከደረቷ በታች አትታይም፤ የሐር ገንዘብ እዚያ አይባክን።

ጽሑፋችሁ ተውኔቱን ወደ አማርኛ «መተርጎም ብቻ ነው የሚቀረው» ማለቱ ግን ይበልጥ አሳስቦኛል። በተውኔቱ ውስጥ እዝባር (/) ሌላዋ መናገር የምትጀምርበትን ቦታ ያሳያል፤ የመጀመሪያዋ ግን አታቆምም፣ እስከ መጨረሻው ትቀጥላለች። በእንግሊዝኛ ግሱ ከምልክቱ በፊት ብዙ ጊዜ ተነግሮ ያልቃል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «ቀሚሱን ትናንት ማታ ለእኔ /» ላይ ሌላዋ ከገባች፣ «ላከልኝ» ይሁን «አልላከልኝም» ተመልካቹ አይሰማም፤ አሉታው («አል-…-ም») ራሱ ግሱ ላይ ተለጥፏልና። ተርጓሚው ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ሰባብሮ እዝባሩን ከግሱ በኋላ ያድርገው። በልምምድ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ መጀመሪያ ለብቻዋ ሳትቋረጥ ትበለው፣ ቀጥሎ በዝግታ ይደራረብ። አለበለዚያ ሁለት ነገር ይከሰታል፦ ወይ ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ወይ ይጯጯሃሉ።

ሌሎች የጃፓን ሴቶች ከጻፏቸው የግቢ ማስታወሻዎች በቀጥታ ቴአትር መሥራትም ይቻላል። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፔተር ኤትቨሽ ከእነዚህ አንዱን፣ የወይዘሮ ሳራሺናን ማስታወሻ፣ ኦፔራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ሊዮን ላይ አሳይቶታል። እዚህ የሚያስቸግረው በማስታወሻዎቹ ውስጥ ያለው አጭር የጃፓን ግጥም ነው። በየስንኙ 5-7-5-7-7 የሆነውን የቀለም (የክፍለ ቃል) ቁጥር በአማርኛ ልጠብቅ ያለ ተርጓሚ ተዋናይዋን ያንተባትባታል፤ በእኛው የወል ቤት የግጥም ምጣኔ ቢጻፍ ይሻላል። መጠበቅ ያለበት ድርብ ፍቺው ነው። በጃፓንኛ «ማትሱ» የጥድ ዛፍም ነው፣ የሚመጣን ሰው መጠበቅም። ሰምና ወርቅ እያለን በግርጌ ማስታወሻ የምናብራራበት ምክንያት አይታየኝም።

በማስታወሻዎቹ «እጅጌዬ ረጠበ» ማለት አለቀስኩ ማለት ነው። የተዘቀዘቀ ነጠላ አይቶ «ማን ሞተባት?» ለሚል ተመልካች ተዋናይዋ እውነተኛ እንባ ማፍሰስ አይጠበቅባትም፤ እጅጌዋን ወደ ዓይኗ ብታስጠጋ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድረክ አልባሳት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ